የጋፋት ምድጃ፦ ስለ ጦር ወዳጅነትና ስለ መሣሪያ ሥራ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋት ዛሬ ለሚያያት መንገደኛ ከሌላው የፋርጣ መንደር የተለየች አትመስልም። እርሻው ያው እርሻ፣ ባሕር ዛፉም ያው ባሕር ዛፍ ነው። ሆኖም ዐፄ ቴዎድሮስ ታላላቅ መድፎቻቸውን ያሠሩት በዚህች ስፍራ ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና ተራራ ጎን፣ በገሳይ በኩል ወደ ንፋስ መውጫ የሚወጣው የዛሬው መንገድ በሚያቋርጠው ደጋም የመድፎቹ ጉዞ ታሪክ ተጽፏል። ያ ጉዞ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ መቅደላ ላይ አበቃ።

አንድ መንግሥት የሚያሠጋው አደጋ መልኩን በለወጠ ጊዜ ሊመርጣቸው የሚችሉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ኃያል ወዳጅ ፈልጎ የጦር ቃል ኪዳን መግባት ነው። ሁለተኛው መሣሪያውን በገዛ አገሩ መሥራት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሁለቱንም በአንድ ዘመን ሞከሩ፤ ሁለቱም አልሆኑላቸውም። ያልሆኑበት ምክንያት ምን እንደ ነበረ መመርመር ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። በእጁ ብረት የሚያቀልጥ፣ መንገድ የሚቀይስና ማሽን የሚያቆም ባለሙያ ሁሉ ይመለከተዋል።

አደጋው መልኩን ሲለውጥ

በዘመነ መሳፍንት የነበረው ጦርነት ባብዛኛው የፈረሰኛና የእግረኛ ፍልሚያ ነበር። ጦር፣ ጎራዴና ጋሻ ዋነኛ መሣሪያዎች ሲሆኑ ጠመንጃ የያዘው ወታደር በቁጥር አነስተኛ ነበር። የአንድ መስፍን ኃይል የሚለካው በተከታዮቹ ብዛትና በፈረሰኞቹ ጀግንነት ነው። የቋራው ካሳ ኃይሉም ያደጉት በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነበር።

በ1840 ዓ.ም. ግን ካሳ በምዕራብ ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ገጠሙ። የግብጽ ጦር በመሐመድ ዓሊ ዘመን በአውሮፓ ሥርዓት የሠለጠነ፣ በሰልፍ ቆሞ የሚተኩስና መድፍ ያለው ጦር ነበር። የካሳ ሰዎች በድፍረት ቢገሠግሡም በተኩሱ ረገፉ። ካሳ ከዚያ ሽንፈት የወሰዱት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ድፍረት ብቻውን በሥርዓት የሚተኩስ ጦርን አይመልስም። ከዚያም በኋላ ወታደሮቻቸውን በአዲስ ሥርዓት ለማሠልጠን ደከሙ፤ መድፍ የማግኘት ምኞትም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም።

ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። በስተ ምዕራብ ሱዳንን የያዘችው ግብጽ ነበረች፤ በስተ ሰሜን ምጽዋ በቱርክ እጅ ነበረች። ጠመንጃና ባሩድ ከውጭ ለማስገባት የፈለገ የኢትዮጵያ ንጉሥ በነዚህ በሮች ማለፍ ነበረበት፤ በሮቹም በሚሠጉት መንግሥታት እጅ ነበሩ።

ካሳ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በዚያው በ1847 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ርቆ በክሪሚያ ልሳነ ምድር የሴባስቶፖል ከተማ ተከብባ ትደበደብ ነበር። ከበባውን ያደረጉት እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ተባብረው ነው፤ የተከበበችው ደግሞ ክርስቲያን የሆነችው ሩሲያ ነበረች። ይህን ጉዳይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ የታላቁን መድፋቸውን ስም ከዚያች ከተማ ወሰዱ። የከተማይቱ ዕጣ የሚናገረውን ሌላ ነገር ግን የተቀበሉት አይመስልም። ነገሩም ይህ ነው፤ መንግሥታት ወዳጃቸውን የሚመርጡት በሃይማኖት ዝምድና ሳይሆን በጋራ ስጋትና በጥቅም ነው።

ያልተመለሰው ደብዳቤ

ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን የተቀበለው የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ነበር። በዚያው ጊዜ ለፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ለሦስተኛው ናፖሌዎን ተመሳሳይ ደብዳቤ ተላከ። የደብዳቤዎቹ ጭብጥ ወዳጅነትን መፈለግና ቱርክ መንገድ እንደ ዘጋች ማስታወቅ ሲሆን፣ መልእክተኞችን ወደ አውሮፓ ለመላክ ስለ ታሰበም መልእክተኞቹ በደኅና የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻች መጠየቅ ነበር።

ለንደን የደረሰው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመዝገብ ቤት ተቀመጠ። ከፈረንሳይ የመጣውም መልስ ንጉሡን የሚያስደስት አልነበረም። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ጽሕፈት ቤት ቸልተኝነት ብቻ ይተረካል። ቸልተኝነት መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ከቸልተኝነቱ በስተጀርባ ስሌት ነበር። እንግሊዝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቱርክ ጎን ቆማ ደሟን አፍስሳለች። በዚያ ላይ በ1853 ዓ.ም. የተነሣው የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ለፋብሪካዎቿ የሚመጣውን ጥጥ ስላቋረጠባት የግብጽ ጥጥ ከምን ጊዜውም ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። ቴዎድሮስ ጠላቴ ብለው የሚያመለክቱት መንግሥት ለእንግሊዝ ወዳጅም ነጋዴም ነበር። አንዱ የሚሠጋውን ሌላው የሚደግፈው ከሆነ የጦር ቃል ኪዳን ሊመሠረት አይችልም።

ንጉሡ ግን ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት። ቆንስሉ ወደ ሱዳን ጠረፍ መሄዱም ከቱርኮች ጋር እንደ ተማከረ አስቆጠረው። በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ሌሎችም አውሮፓውያን ተከተሉት። ከዚህ በኋላ የወዳጅነት ጥያቄ የእስረኛ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

የዚህ ለውጥ ውጤት በ1858 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በሚያዝያ ወር ዐፄ ቴዎድሮስ ማርቲን ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ጥያቄያቸው የእጅ ባለሙያዎችና ማሽኖች እንዲላኩላቸው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችን ቀጠረ፤ ዕቃም ገዛ፤ ሁሉም እስከ ምጽዋ ደረሱ። ሆኖም እስረኞቹ ሳይፈቱ ወደ ላይ አትወጡም ተብለው እዚያው ቆዩ። ንጉሡ ባለሙያዎቹን አስቀድመው ጠበቁ፤ እንግሊዞች እስረኞቹን አስቀድመው ጠበቁ። በመጨረሻ ባለሙያዎቹና ማሽኖቹ ደጋውን ሳይረግጡ ወደ መጡበት ተመለሱ። ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ከሥነ ሥልጣኔ ጋር ለመገናኘት ከነበራት ዕድል ሁሉ ይህ የቀረበው ነበር፤ የጠፋውም መተማመን በመጥፋቱ ነው።

የጋፋት ሥራ

ከውጭ የሚመጣው መሣሪያ በተዘጋ ጊዜ የቀረው በአገር ውስጥ መሥራት ነበር። በጋፋት የሰፈሩት ሰዎች አብዛኞቹ በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ባለው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ጳጳሱ ሳሙኤል ጎባት የላካቸው የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝሌን ከነዚህ ይቆጠራሉ። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም አብረዋቸው ነበሩ። የመጡበት ዓላማ ወንጌል ማስተማርና በእጃቸው ሠርተው መኖር እንጂ መድፍ ማቅለጥ አልነበረም።

ዋልድማየር በኋላ ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩ ባዘዟቸው ጊዜ አናውቅም ብለው መለሱ። ንጉሡም አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸው። እነርሱም አገልጋዮቹ እንዲፈቱ ሲሉ እንሞክራለን አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ደጋግመው ግን ሞከሩ፤ በመጨረሻም የቀለጠው ነሐስ በቅርጹ ውስጥ ረጋ። ከዚያ በኋላ ሥራው እየሰፋ ሄደ፤ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል ተሠራች። ክብደቷ 70 ኩንታል ወይም 7 ቶን ያህል ነው።

ይህን ሥራ የብረታ ብረት ሙያ የሚያውቅ ሰው ሲመለከተው ያደንቃል። ሰባት ቶን ነሐስ አቅልጦ በአንድ ጊዜ ወደ ቅርጽ ማፍሰስ ዛሬም ጥንቃቄን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ምድጃው አንድ ዓይነት ሙቀት መጠበቅ አለበት፤ ቅርጹ እርጥበት ሊኖረው አይገባም፤ ብረቱ እኩል ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍና ከሙከራ በተገኘ ዕውቀት፣ ከባሕር ጠረፍ በራቀ ደጋ ላይ መፈጸም ታላቅ የሥራ ውጤት ነው።

ግን የጋፋት ሥራ ሦስት ጉድለቶች ነበሩበት። አንደኛው፣ ዕውቀቱ በጥቂት የውጭ ሰዎች እጅ መቅረቱ ነው። በአገሩ ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ፤ ቤተ እስራኤልና ሌሎችም በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። ማኅበረ ሰቡ ግን ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ ይንቀው፣ ይሸሸውም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለእጅ ሥራ የነበራቸው ፍቅርና አክብሮት ከዘመናቸው የቀደመ ቢሆንም፣ በጋፋት የተሠራው ሥራ ከአገሩ ቀጥቃጭ ሙያ ጋር ተዋሕዶ ሥር አልሰደደም። ሁለተኛው፣ ሠሪዎቹ ነፃ አለመሆናቸው ነው። ንጉሡ ይሸልሟቸዋል፣ ያከብሯቸዋል፤ ነገር ግን ወደ አገራቸው ልሂድ ቢሉ አይፈቀድላቸውም። በፍርሃት የሚሠራ ሰው የታዘዘውን ይሠራል፤ የሚያውቀውን ሁሉ ግን አያስተላልፍም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነበር። መድፉ በሚቀልጥበት ዘመን የበጌምድር ገበሬ ከንጉሡ ተለይቶ ነበር። ወታደሩ በየሄደበት ከገበሬው ጎተራ ይበላል፤ የሸፈተውን አገር ለመቅጣት የሚላከው ጦርም ታማኙንና ሸፋቹን ሳይለይ ይዘርፋል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። ቀድሞ በብዙ ዐሥር ሺህ ይቆጠር የነበረው ሠራዊት እየከዳ እየሳሳ ሄደ። መድፎቹ እየከበዱ ሲሄዱ የሚጎትታቸው ሕዝብ እያነሰ ሄደ።

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፎቹ በሠረገላ ተጭነዋል፤ ሴባስቶፖልን ብቻ 500 ያህል ሰው በጠፍር ይጎትት ነበር። ጉዞው በጋይንት ደጋ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ያመራል። ቁር በሚበረታበት ከፍታ፣ በገደልና በረግረግ መካከል መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ ጦሩ መንገዱን እየሠራ ሄደ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያንከባልሉ የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። የጅዳ ሸለቆና የበሽሎ ሸለቆ ደግሞ ቁልቁለታቸው ለሰው እንኳ የሚያስፈራ ነው። ሰባት ቶን የሚመዝን ነሐስ በዚያ ወርዶ እንደ ገና መውጣቱ በኢትዮጵያ የመንገድ ሥራ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ የሚሰጠው ነው። መድፎቹ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ መቅደላ ደረሱ።

በዚያው ጊዜ ከዙላ ባሕር ዳር ሌላ ጦር ይጓዝ ነበር። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዘው ከሕንድ መጥተዋል። በዙላ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ 44 ዝሆኖች መድፍ ተሸከሙ። ዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሀብት ያለ አገሩ ሰዎች ፈቃድ መቅደላ ባላደረሰ ነበር። በየካቲት 1860 ዓ.ም. ናፒየር ከትግሬው ከደጃዝማች ካሳ ምርጫ ጋር ተገናኝተው ስምምነት አደረጉ፤ በላስታ የነበሩት የዋግሹም ጎበዜ ወገኖችም አልተቃወሟቸውም። ገበሬው እህልና ገፈራ ሸጠላቸው፤ በብርም ተከፈለው። ከምጽዋ እስከ መቅደላ ባለው ረጅም መንገድ ጦሩን በብርቱ የተዋጋው አልነበረም።

እዚህ ላይ ሁለቱን ጦሮች ማስተያየት ይገባል። አንደኛው በገዛ አገሩ እያለፈ እንደ ጠላት ይታይ ነበር፤ ሁለተኛው ባዕድ ሆኖ ሳለ እንደ ገበያተኛ አለፈ። የእንግሊዝ ጦር ዋድላ ላይ በደረሰ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፎቻቸው ያሠሩትን መንገድ አገኘ፤ ወደ ጅዳና ወደ በሽሎም የወረደው በዚያው መንገድ ነው። በስድስት ወር ድካም የተጠረገው መንገድ ጠላትን አቀለለ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ከታላላቆቹ መድፎች አንዱ ባሩዱ ስለ በዛበት በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። እንግሊዞች ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበር። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዝ ወገን ቆስለው የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። አደጋው እንደ ገና መልኩን ለውጦ ነበር። ንጉሡ ለደባርቂው ዘመን መድፍ መልስ ሲያዘጋጁ፣ በክሪሚያና በአሜሪካ ጦርነቶች ማግስት የፈጣን ጠመንጃ ዘመን መጥቶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ።

የጋፋት ባለሙያዎች ከናፒየር ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ። ዋልድማየር ኋላ በሊባኖስ ኖረ፤ በዚያም ለአእምሮ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል አቋቋመ። መድፍ ያቀለጠው እጅ ሆስፒታል ሠራ። በጋፋት ግን ምድጃውን የሚያነድድ አልቀረም። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ትገኛለች፤ አምሳያዋ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ነሐሱ ቀርቷል፤ ዕውቀቱ ሄዷል።

ከመቅደላ በኋላ የሆነው

ናፒየር ሲመለሱ ለደጃዝማች ካሳ 12 መድፎችና ከ800 በላይ ጠመንጃዎች ትተውላቸው ሄዱ። ካሳ በነዚህ መሣሪያዎች በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን አድዋ አጠገብ አሳም ላይ አሸነፉ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ደብረ ታቦርም እንደ ገና የንጉሠ ነገሥት መቀመጫ ሆነች። በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ በዚያው ዓመት ጉራዕ ላይ ግብጾችን ድል አደረጉ። ከግብጾች የተማረከው ሬሚንግተን ጠመንጃ ሠራዊታቸውን አጠነከረ። የዮሐንስ ኃይል የመጣው ከስጦታና ከምርኮ እንጂ ከፋብሪካ አልነበረም።

የቃል ኪዳኑ ዕጣ ግን ከቴዎድሮስ ዘመን ብዙ አልተለየም። በግንቦት 1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ በተፈረመው ውል መሠረት ዐፄ ዮሐንስ በሱዳን የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በአገራቸው አልፈው እንዲወጡ ረዱ፤ በለውጡም በምጽዋ በኩል ዕቃ በነፃ እንዲያልፍላቸው ተስማሙ። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣሊያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች። ውሉን ያስገኘው የሱዳን ጭንቀት ነበር፤ ጭንቀቱ ሲያልፍ የውሉም ዋጋ አለቀ። የኢትዮጵያ ድርሻ ግን ከመሐዲስቶች ጋር መጋጨት ሆነ፤ ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ።

ዐፄ ምኒልክ ከዚህ ሁሉ የተማሩ ይመስላሉ። ጠመንጃ ከፈረንሳይም ከኢጣሊያም ከሌላም ነጋዴ ገዙ፤ በአንድ በር ብቻ አልተማመኑም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ፈጣን ጠመንጃና መድፍ የያዘ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ቀን ጋፋት ያጣችው ነገር ነበር፤ ሕዝቡ ከየአውራጃው ስንቁን ይዞ ወጣ። ምኒልክ በኋላም የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። የጋፋትን ቁስል የነካ አዋጅ ነበር።

አርባ ዓመት ሳይሞላ ግን ስንፍናው ተመለሰ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ የጋራ ጸጥታ ቃል ኪዳን ትታመንበት ጀመር። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ በወረረች ጊዜ መሣሪያ እንዳይሸጥ የተደረገው እገዳ ፋብሪካ ያላትን ኢጣሊያን ሳይሆን የሌላትን ኢትዮጵያን ጎዳ። ከሰማይ ለሚወርደው የመርዝ ጋዝም በአገር ውስጥ የተዘጋጀ መከላከያ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ በቼኮዝሎቫኪያ ባለሙያዎች እርዳታ በአዲስ አበባ የጥይት ፋብሪካ ተቋቋመ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፤ አሜሪካ በአስመራ የቃኘው ጣቢያን አገኘች፤ ኢትዮጵያም መሣሪያና ሥልጠና አገኘች። የሳተላይት ዘዴ ሲስፋፋ የቃኘው ጥቅም ቀነሰ፤ መንግሥትም ተለወጠ፤ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ጣቢያው ተዘጋ። ሦስት ወር ሳይሞላ የሶማሊያ ጦር ወረረ። የቀድሞው ወዳጅ መሣሪያውን አቋረጠ፤ የሶማሊያ ወዳጅ የነበረችው ሶቪየት ኅብረት ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ለኢትዮጵያ እጅግ ብዙ መሣሪያ በአውሮፕላንና በመርከብ አጓጓዘች።

በዚያ ጦርነት የታየ አንድ ነገር ለባለሙያዎች ማኅበር ልዩ ትርጉም አለው። የሶቪየት መሣሪያ በብዛት ሳይገባ በፊት የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ-5 አውሮፕላኖች የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ አስለቅቀው ነበር። አውሮፕላኖቹ አሜሪካ ሠራሽ ናቸው፤ አሜሪካ ግን ድጋፏን አቁማለች። አውሮፕላኖቹን ያበረሩትና የጠገኑት በደብረ ዘይት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቃል ኪዳኑ ሲፈርስ ቴክኒሺያኑ ቀረ። ጋፋት ላይ የሆነው ተገላብጦ ታየ፤ በጋፋት ብረቱ ቀርቶ ዕውቀቱ ሄደ፤ በደብረ ዘይት ወዳጁ ሄዶ ዕውቀቱ ቀረ።

የዛሬው መልክ

ይህ ጉዳይ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች በ1941 ዓ.ም. የተባበሩት በአንድ ስጋት ምክንያት ነው። ያ ስጋት ቀለል ባለ ጊዜ ፋብሪካዎቻቸውን ቀነሱ። በ2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ የመድፍ ጥይት እንዳነሳቸው ተገነዘቡ። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ዓመት ውስጥ 1 ሚሊዮን ጥይት እሰጣለሁ ብሎ በ2015 ዓ.ም. ቃል ቢገባም፣ በቀነ ገደቡ ማድረስ የቻለው ግማሽ ያህሉን ነው። ገንዘብ አልጠፋም፤ የጠፋው ሥራውን የሚያውቅ እጅና ተዘጋጅቶ የቆየ ምድጃ ነበር። ባለጸጋ አገሮች እንኳ ያቋረጡትን ሙያ በአንድ ዓመት ሊመልሱት አልቻሉም።

በኢትዮጵያም የጋፋት ስም አልተረሳም። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ከያዛቸው የመሣሪያ ፋብሪካዎች አንዱ በጋፋት ስም ተሰይሞ ነበር። ስሙን መውረስ መልካም ነው፤ ትምህርቱን መውረስ ግን ከስሙ ይበልጣል።

ትምህርቱ በቅርቡ በራሱ ስፍራ በመከራ ተደግሟል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ በተዛመተ ጊዜ ንፋስ መውጫ ለቀናት በትግራይ ኃይሎች ተያዘች፤ በጋይንትና በፋርጣ መካከል ያለው የገሳይና የጉና አገር የጦር ግንባር ሆነ፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተደበደበች። ሴባስቶፖል በተጎተተችበት ደጋ ላይ የመድፍ ድምፅ ተሰማ፤ ከሁለቱም ወገን የወደቁት የአንድ አገር ልጆች ነበሩ። በዚያው ነሐሴ ወር ኢትዮጵያና ቱርክ በአንካራ የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ፈረሙ። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጡት ቱርክን ፈርተው ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው አገር መሣሪያ ፈልጋ ወደ ቱርክ ሄደች። ስጋትና ወዳጅ በመቶ ስድሳ ዓመት ውስጥ ስፍራ ተለዋወጡ። ያልተለወጠው የጋይንት ገበሬ ነው፤ ያን ጊዜ መድፍ ጎተተ፤ በዚህ ጊዜ ከቤቱ ተሰደደ።

ዛሬ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን ማለትም ድሮን መድፉን እየተካ ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ በትንሽ ወርክሾፕ ሊገጣጠም ይችላል፤ ከሩቅም ይገድላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመንግሥታት ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር ግልጽ ነው። አገር በዚህ ዘመን ልትጠበቅ የምትችለው ማን እንደሚሠራው፣ በማን ላይ እንደሚተኮስና በማን ፈቃድ እንደሚታዘዝ ሕዝቡ በሚያውቅበት ሥርዓት ነው። ይህ ካልሆነ መሣሪያው እያደገ፣ የሚሸከመው ሕዝብ እየራቀ የጋፋት ታሪክ ይደገማል።

መደምደሚያ

ዐፄ ቴዎድሮስ አደጋውን ከዘመናቸው ሰዎች ሁሉ ቀድመው አይተዋል። ይህ ክብራቸው ነው። ዕውቀትን በሰንሰለት፣ ወዳጅነትን በእስረኛ፣ ስንቅን በዘረፋ ለማግኘት መሞከራቸው ግን ያዩትን እንዳይጨብጡት አደረጋቸው። ሦስቱም ነገሮች በፈቃድ ካልመጡ አይጸኑም። ከውጭ ወዳጅ የሚገኘው እርዳታ የጋራው ስጋት እስካለ ድረስ የሚቆይ ነው፤ ስለዚህ እርዳታው ባለበት ዘመን ሙያውን መማርና በአገር ልጅ እጅ ማስቀረት ይገባል።

ከባለሙያዎች የሚጠበቀው ሥራ በዚህ ረገድ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። የማቅለጥ፣ የመቅረጽና የመጠገን ዕውቀት በአማርኛ ተጽፎ በየቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሊገኝ ይገባል። ቀጥቃጩን ከመናቅ የመጣው ጉዳት ገና ስላልሻረ የእጅ ሙያ ክብር በትምህርት ቤት ሊሰበክ ያስፈልጋል። መድፍ የሚያፈስስ ምድጃ ማረሻም፣ የውሃ ፓምፕም፣ የወፍጮ ዕቃም ያፈስሳል፤ በሰላም ዘመን እሳቱ ሳይጠፋ የሚቆየው ገበሬው የሚፈልገውን ሲሠራ ነው። የጋፋትም ስፍራ ተለክቶ፣ ተጠንቶና ታጥሮ ሊጠበቅ ይገባዋል። ከደብረ ታቦር የሚነሣው የገሳይና የንፋስ መውጫ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ አያቶቹ ምን እንደ ጎተቱና ለምን እንደ ደከሙ ሊያውቅ ይገባዋልና።